ግጥሙ ያስለቅሳል፣ ምቱ ያስጨፍራል፦ ሐዘንተኛ ኢንዲ ፖፕ ለምን ይጥማል?

ጎንደር ውስጥ፣ በተለይ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ባሉ ወጣቶች ዘንድ፣ አንድ ዓይነት ሙዚቃ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ጊታሩ ቀለል ያለ ነው። ምቱ እግር ያስነሳል። ዜማው አንዴ ከገባ ከጭንቅላት አይወጣም። ግጥሙን ልብ ብለው ሲሰሙት ግን ሌላ ነው። ብቸኝነት ነው፤ የከሸፈ ፍቅር ነው፤ ተመልሶ የማይመጣ ልጅነት ነው። አልጋው ላይ ተጋድሞ ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይ ሰው ወሬ ነው።

ይህን የሚሰማ ልጅ ያላቸው ወላጆች ይጨነቃሉ። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያለ ነገር የሚሰማው?» ይላሉ። እኩዮቹ ደግሞ «የፈረንጅ እንጉርጉሮ» ብለው ያልፉታል። በእኔ እምነት ሁለቱም ነገሩን ይስቱታል። ሙዚቃው በሽታ አይደለም። ለጎንደር ጆሮም ከሚመስለው በላይ ቅርብ ነው። ከሥር ከሥሩ እንየው።

ኢንዲ ፖፕ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?

«ኢንዲ» የሚለው ስም መጀመሪያ ላይ የሚናገረው ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ አሳታሚው ነበር። ዘፈኑን ያወጣው ትልቅ ኩባንያ ሳይሆን ራሱን ችሎ የቆመ ትንሽ አሳታሚ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ እንዲህ ያሉ አሳታሚዎች በብሪታንያ በረከቱ። ገንዘብ ስለሌላቸው ውድ ስቱዲዮ አይከራዩም። ቀረጻው ትንሽ ሸከር ይላል። ዘፋኙ እንደ ኦፔራ አይጮህም፤ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ሰው ነው የሚዘፍነው። በኋላ ስሙ ከአሳታሚው ተላቆ የድምፁ መጠሪያ ሆነ። ዛሬ ትልቅ ኩባንያ የሚያሳትመው ባንድም ድምፁ እንዲያ ከሆነ ኢንዲ ይባላል። «ፖፕ» የሚለው ደግሞ አጭር፣ ቶሎ የሚያዝ፣ አዝማቹ ሁሉም አብሮት የሚያዜመው ዘፈን ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ፤ ምክንያቱም የዚህ ሙዚቃ ሐዘን ከየት እንደሚመጣ ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ቤል ኤንድ ሰባስቲያን የሚባል የስኮትላንድ ባንድ አለ፤ ከግላስጎው ከተማ ነው። ዘፈኖቹን የሚጽፈው ስቱዋርት መርዶክ በወጣትነቱ ሥር የሰደደ ድካም በሚያመጣ ሕመም ለዓመታት ቤት ውሎ ነበር። ዘፈን መጻፍ የጀመረውም በዚያው በሕመሙ ዘመን ነው። የባንዱ የመጀመሪያ አልበም እ.ኤ.አ. በ1996 በአንድ ኮሌጅ የሙዚቃ ሥራ ትምህርት ክፍል በኩል ወጣ። የታተመው 1,000 ሸክላ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሁለተኛውን አወጡ፤ 10 ዘፈን ያለው፣ ሽፋኑ ቀይ የሆነ። ጊታር፣ ፒያኖ፣ ቫዮሊን፣ ቼሎ፣ ትራምፔት አለበት። የሚያወራው ከሰው መሐል ስለማይገጥሙ ወጣቶች፣ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ሕመም ነው። ዜማው ግን ዘንካታ ነው። ይህ ሁለተኛ አልበም እስከ ዛሬ ሐዘንተኛ ኢንዲ ፖፕ ሲነሳ መጀመሪያ ከሚጠሩት አንዱ ነው።

ልብ በሉ፤ ለዓመታት ከአልጋ ያልተነሳ ሰው ነው እንዲህ ያለ የሚያስፏጭ ዜማ የጻፈው። ይህን እንደ ተቃርኖ ማየት ይቀናናል። አይደለም። ቀጥሎ ያለው ለምን እንዳልሆነ ያስረዳል።

እያዘነ እንዴት ያስጨፍራል?

ጆሯችን ስሜትን የሚለቅመው ከአንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ፍጥነቱን ይሰማል። የኖታዎቹን ርቀት፣ ማለትም ሜጀር (ብዙ ጊዜ ደስተኛ የሚባለው) ወይም ማይነር (ሐዘንተኛ የሚባለው) መሆኑን ይሰማል። የዘፋኙን ድምፅ ይሰማል። ግጥሙን ይሰማል። ብዙ ዘፈን ላይ እነዚህ ሁሉ ይስማማሉ። የሠርግ ዘፈን ፈጣን ነው፤ ግጥሙም ደስታ ነው። ሙሾ ዝግ ያለ ነው፤ ቃሉም ሐዘን ነው። ሐዘንተኛ ኢንዲ ፖፕ ሆን ብሎ ያጣላቸዋል። እግርን ለምቱ ይሰጣል፤ ልብን ለግጥሙ።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት ይህንኑ ፈትኗል። ሰዎችን የተጣሉ ምልክቶች ያሉበት ሙዚቃ አሰሟቸው፤ ፈጣን ሆኖ ማይነር፣ ወይም ዝግ ብሎ ሜጀር የሆነ። አድማጮቹ የተሰማቸው ግማሽ ደስታ ወይም ግማሽ ሐዘን አልነበረም። ደስታውና ሐዘኑ አንድ ላይ ተሰማቸው። አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ማርና ውሃ ብቻውን ብርዝ ነው። ይጣፍጣል፤ ልጅ ይጠጣዋል፤ ሦስተኛው ብርሌ ላይ ግን ይሰለቻል። ጌሾ ሲገባበት ምሬቱ ጣፋጩን ይገራዋል፤ ያኔ ነው ጠጅ የሚሆነው። ደስ የሚል ዜማ ላይ ደስ የሚል ግጥም የጫነ ፖፕ ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚሰለቸን ለዚህ ነው። ሐዘኑ ዜማውን ደጋግመን እንድንሰማው ያደርገዋል።

ታዲያ ጆሮ ላይ የሚጣበቀውስ ለምንድን ነው? በእንግሊዝ ደርሃም ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን 3,000 ያህል ሰዎችን የትኛው ዘፈን ጭንቅላታቸው ውስጥ እንደሚዞርባቸው ጠይቆ ነበር። የተገኘው መልስ እንዲህ ነው። የሚጣበቀው ዘፈን ፈጠን ይላል። የዜማው አወጣጥና አወራረድ የተለመደ ነው፤ ስለዚህ ማንም ያንጎራጉረዋል። ግን አንድ ቦታ ላይ ያልጠበቅነው ዝላይ ወይም ድግግሞሽ አለው። የለመድነው መንገድ ላይ አንዲት ያልጠበቅናት ነገር ስትመጣ አእምሮ ያችን ቦታ መልሶ መላልሶ ይጎበኛታል።

ምቱም የራሱ ስሌት አለው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት የተለያዩ የድራም ምቶችን አወዳድሯል። በጣም የተስተካከለው ምት ሰውን አላስጨፈረም። በጣም የተዘበራረቀውም አላስጨፈረም። ያስጨፈረው መሐለኛው ነው፤ ምቱ አልፎ አልፎ ከሚጠበቅበት ቦታ ፈንጠር የሚለው። ያንን ክፍተት የምንሞላው በገላችን ነው። የእኛን ችክችካ አስቡት። ስድስቱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ ሁለት ቦታ መስማት ይቻላል፤ ሁለት ሁለት አድርጎ ሦስት ቦታም መስማት ይቻላል። ጭብጨባው በአንዱ ሲሄድ ትከሻ በሌላው ይሄዳል። እስክስታ የሚያቅበጠብጠው በዚህ መሐል ነው።

ይህ ነገር ለጎንደር አዲስ ነው?

አይደለም። እንዲያውም እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው።

ከጎንደር ብዙም የማይርቀው ቡርቧክስ በአዝማሪ መፍለቂያነቱ የታወቀ ነው። ከተማው ውስጥም ማታ ማታ አዝማሪ ቤቶች አሉ። አንዱ ጋ ገብታችሁ መሰንቆውን በቅርብ እዩት። ገላው በቆዳ የተወጠረ እንጨት ነው። ያለው ክር አንድ ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ የተገመደ። ደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። እንደ ጊታር የጣት ቦታ አልተከፈለለትም። ስለዚህ አዝማሪው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ዘሎ አይደለም፤ ተንሸራቶ ነው። ያ መንሸራተት ነው እንደ ሰው ሲቃ የሚሰማው።

አሁን ከደንበኞቹ አንዱ «ተቀበል!» ይላል። አዝማሪው ጆሮውን ያቀናል። ለምሳሌ እንዲህ ያለ ስንኝ ይሰጠዋል፦

አገሩ በሙሉ ለጥምቀት ሲጨፍር፣
አንቺ የሌለሽበት ለኔ ምን ሊያማምር።

አዝማሪው ስንኙን ተቀብሎ በዚያው በፈጣኑ ምት ያዜመዋል። ምቱን ዝግ አያደርግም። ሙሾ አያስመስለውም። ቤቱ ያጨበጭባል፤ አንዷ ተነስታ ትከሻዋን ትሰብቃለች፤ ስንኙን የሰጠው ሰው ግንባሩ ላይ ብር ይለጥፍለታል። ቃሉ ናፍቆት ነው። ቤቱ ጭፈራ ነው። ከግላስጎው የመጣውን አልበም «እንዴት እያለቀሱ ይጨፍራሉ?» ብሎ የሚገረም የጎንደር ሰው ይህንን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያየው ኖሯል።

ቅኝቶቻችንም አንድ ነገር ያስተምራሉ። ትዝታ ሜጀር አምስት ድምፆች አሉት። በፒያኖ ከዶ ተነስታችሁ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ብትሉ እሱው ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች በምዕራቡ ዓለም የሕፃናት ዘፈን ጭምር የሚሠራባቸው፣ ደስተኛ የሚባሉ ናቸው። እኛ ጋ ሲደርሱ ናፍቆት ይሆናሉ። ማይነሩ ትዝታ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፤ ሐዘኑ ይጠነክራል። ሜጀሩ ግን ምንም ሳይነካ በራሱ ሆድ ያባባል። ሐዘን ድምፁ ውስጥ ብቻ ያለ ነገር ቢሆን ኖሮ ያው ድምፅ በሁለት አገር ሁለት ስሜት ባልሆነ ነበር። የምንሰማው ድምፁን ብቻ አይደለም፤ ድምፁን የሰማንበትን ቤት፣ ሰውና ዘመን ጭምር ነው።

በልጆች ላይ የተሠራ ጥናትም ይህን ይደግፋል። የ5 ዓመት ልጆች ዘፈን ደስተኛ ወይም አሳዛኝ መሆኑን የሚለዩት በፍጥነቱ ነው። ሜጀርና ማይነሩን ጨምረው መጠቀም የሚጀምሩት ከ6 እስከ 8 ዓመት ሲሞላቸው ነው። ፍጥነት ቀድሞ ይገባናል፤ የኖታው ሐዘን ግን ከአካባቢያችን እየተማርነው ይመጣል። ፈጣን ሆኖ የሚያዝን ዘፈን ሁለቱን ስሜቶቻችንን በአንድ ጊዜ ይቀሰቅሳል፤ ገና በሕፃንነት የያዝነውንና በኋላ የተማርነውን።

በአዝማሪ ቤቱና በኢንዲ ፖፕ መሐል ልዩነት የለም ወይ ካላችሁ፣ አለ። ትልቁም ይመስለኛል። አዝማሪው ያያችኋል። ስንኙን የሰጣችሁት እናንተ መሆናችሁን ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ጎንደር ደግሞ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ናት፤ ፒያሳ ላይ ዓይኑ የቀላ ሰው አራዳ ሳይደርስ ወሬው ይቀድመዋል። የሆድን በሆድ መያዝ እንደ ጨዋነት የሚቆጠርበት አገር ነው። ኢርፎን ጆሮው ላይ የሰካ ልጅ ግን ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብሎ፣ ከሦስት ሰው ጋር ተጠጋግቶ፣ ማንም ሳያውቅበት ሊያዝን ይችላል። ምቱ ፈጣን ስለሆነ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ የሚያየው ሰው ደስ ያለው ይመስለዋል። አዝማሪ ቤት ሐዘንህን ሰው ፊት ያወጣልሃል። አልበሙ ሰው መሐል ሆነህ ለብቻህ እንድትይዘው ያስችልሃል። ሰው ሁለቱንም ይፈልጋል። ወጣቱ የሁለተኛው ረሃብ ቢጠናበት አልፈርድበትም።

ሐዘን ከሆነ ለምን ደስ ይለናል?

እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ከተለያየ አገር ለመጡ 772 ሰዎች አቀረቡ። አሳዛኝ ሙዚቃ ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል? በብዛት የተጠቀሰው መልስ ሐዘን አልነበረም። ናፍቆት ነበር፤ እኛ ትዝታ የምንለው። ሰዎቹ ሌላም ነገር ተናግረዋል። የሙዚቃው ሐዘን ያጽናናል፤ የእውነተኛው ኑሮ መዘዝ የለውም። ዘፈኑ ውስጥ ያለው ሰው ፍቅረኛው ትቶት ሄዷል። እኛን ግን ማንም አልተወንም። ወይም የተወን ሰው ካለ ቢያንስ ብቻችንን እንዳልሆንን እናውቃለን።

አካላችንም ይሳተፋል። በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ሰዎች ሰውነታቸውን ነዘር የሚያደርግ ሙዚቃ ሲሰሙ አእምሯቸውን መረመረ። ዶፓሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ይለቀቅ ነበር። ይህ ንጥረ ነገር ከምግብና ከሌሎች ደስታዎች ጋር የተያያዘ ነው። ደስ የሚለው ዝርዝር ግን ሌላ ነው። ዶፓሚኑ የሚለቀቀው የምንወደው ቦታ ሲደርስ ብቻ አይደለም፤ «አሁን መጣ፣ አሁን መጣ» እያልን ስንጠብቅም ነው። ኢንዲ ፖፕ ጸሐፊዎች ይህን በደመ ነፍስ ያውቁታል። ስንኙ ላይ ድራሙን ያሳንሱታል። ዘፋኙ ሊያንሾካሹክ ምንም አይቀረው። ከዚያ አዝማቹ ሲመጣ ሁሉም መሣሪያ አንድ ላይ ይገባል። ያ የመክፈቻ ቅጽበት ላይ ሰው የእውነት ሊያለቅስ ይችላል። ዕንባው ግን ከሐዘኑ ይልቅ የመጠበቁ ማብቂያ ነው።

ድብርት ያመጣል?

ለአብዛኛው ሰው፣ አያመጣም። በዓለም ላይ የሚሰማው ፖፕም ራሱ ወደዚያው አዘንብሏል። ከ1965 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ከፍ ብለው የነበሩ ከ1,000 በላይ ዘፈኖች ተመርምረው ነበር። ማይነር እየበዛ፣ ፍጥነቱም እየቀነሰ፣ ስሜታቸው የተደባለቀ ዘፈኖችም እየጨመሩ መጥተዋል። ይህን ሁሉ የሚሰማ ሰው ታማሚ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ግን አለ፤ በቀላሉ የማልፈውም አይደለም። መብሰልሰል የሚወድ ሰው አለ። የሆነበትን ነገር ሌት ተቀን ያወጣል ያወርዳል። እንዲህ ላለው ሰው አሳዛኝ ሙዚቃ አንዳንዴ ማጽናኛ መሆኑ ቀርቶ ማብሰልሰያ ይሆንበታል። መለያው ዘፈኑ አይደለም፤ ከዘፈኑ በኋላ የሚሆነው ነው። ልጃችሁ አልበሙን ሰምቶ ሲጨርስ ቀለል ብሎት ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወት ከሆነ ተዉት። በየቀኑ እየከበደው ከሄደ፣ እንቅልፍና ምግብ ከራቀው፣ ይወደው የነበረውን ነገር ሁሉ ካቆመ፣ ይህም ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ ነገሩ የሙዚቃ አይደለም። ስልኩን መቀማት መፍትሔ አይሆንም። ቁጭ ብሎ ማናገር፣ ወደ ሐኪምም ይዞ መሄድ ነው።

እንግሊዝኛው በደንብ ካልገባኝስ?

ይህ እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው። መጀመሪያ ሳትተረጉሙ ስሙት። ቤዙን፣ ማለትም ከሥር የሚሄደውን ወፍራም ድምፅ ተከተሉ፤ እሱ ነው እግራችሁን የሚነካው። የዘፋኙን አተነፋፈስ አዳምጡ። ሐዘኑ ቃሉ ሳይገባችሁ ይደርሳችሁ እንደሆነ ታያላችሁ። ከዚያ ግጥሙን ፈልጋችሁ እያነበባችሁ ድገሙት። ብዙ ሰው ደንግጦ «እንዲህ ነው እንዴ የሚለው?» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ለወራት ደስ ብሎት ያፏጨው ዜማ የመለያየት ደብዳቤ ሆኖ ያገኘዋል።

አንድ ዘፈን ብቻ ከቴሌግራም አውርዳችሁ አትፍረዱ። ይህ የሙዚቃ ዓይነት በአልበም ነው የሚኖረው። አልበሙ ብዙ ጊዜ 40 ደቂቃ አካባቢ ነው። ፈጣኑ ዘፈን ቀድሞ ያስገባችኋል፤ ዝግ ያለው መሐል ላይ ይመጣል፤ መጨረሻው ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ በሌላ ፊት ያነሳዋል። ካሴት ዘመን ያደጉ ሰዎች ይህን ለማስረዳት አይቸገሩም። ያኔ «ሀ» ገጽ ሲያልቅ ተነስቶ መገልበጥ ግድ ነበር፤ ዘፋኙም የትኛውን ዘፈን የገጹ መዝጊያ ላይ እንደሚያስቀምጥ አስቦበት ነበር። ስልክ ላይ ግን ዘፈኖቹን አደበላልቆ የሚያጫውት ቁልፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳናውቀው በርቶ ይቆያል። ሁለት ቀስቶች የተጠላለፉበት ምልክት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት እሱን አጥፉት።